ቻኔ፣ ማርና ሰም፣ ቡሬ

ይህን የምጽፈው ጎጃምን ለማታውቁና ምናልባትም መንገዱ ለማይገጥማችሁ የሰፈሬና የሥራ ቤቴ ሰዎች ነው። የታሪክ ቦታ ጎብኝቼ አልመጣሁም፤ የጣናን ገዳማትም ሆነ የዓባይን ፏፏቴ አላየሁም። ሳምንት ሙሉ የተጓዝኩት አሮጌ ወረቀት ላይ ለሰፈረች አንዲት መስመር ነው።

ሥራዬ ማተሚያ ቤት ውስጥ እርማት ማንበብ ነው። ደርግ ከወደቀ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፣ በክረምቱ የመጋዘናችን ጣሪያ እያፈሰሰ አስቸገረን። መጻሕፍቱን ወደ ደረቅ ክፍል ስናሸጋግር በንጉሡ ጊዜ የታተሙ ሁለት የነጋዴዎች ማውጫዎች እጄ ገቡ። በየከተማው ያለው ነጋዴ ስምና የሚነግደው ዕቃ በፈረንጅ ፊደል ተዘርዝሯል። እናቴ የተወለደችው ቡሬ ስለሆነ የቡሬን ገጽ ገለጥኩ። ሦስተኛው መስመር «ቻኔ፣ ማርና ሰም» ይላል።

የእናቴ አባት ስሙ ቻኔ ነው። ማርና ሰም ይነግድ እንደነበረም እናቴ ታስታውሳለች። እኔን ያስደነገጠኝ የታተመበት ዓመት ነው። አያቴ ከባሏ ተጣልታ እናቴን ይዛ አዲስ አበባ ስትገባ እናቴ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ዓመት ሳይሞላ «አባትሽ ሞቷል» ተባለች፤ ልጅ ብትሆንም ከትልልቆቹ ጋር ለቅሶ ተቀመጠች። ማውጫው የታተመው ግን እናቴ አድጋ፣ አግብታ፣ እኔን ከወለደች በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ በወጣው ሁለተኛው ማውጫ ቡሬ ላይ ቻኔ የለም፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ግን «ቻኔ፣ ወፍጮ» ይላል። ሰውየው ከተማውንም ሥራውንም ቀይሯል ብዬ ደመደምኩ።

ገጾቹን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለእናቴ ወሰድኩላት። እናቴ የሺ ስድሳውን አልፋለች። የፈረንጅ ፊደል አታነብም፤ ቢሆንም መነጽሯን አድርጋ መስመሩን በጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው።

«ሞቷል ሲሉኝ አልቅሼለታለሁ» አለች። «ሳይሞት ከነበረ ለምን ሳይፈልገኝ ቀረ?»

በአራተኛው ቀን ልብስ እያጠፈች «መስቀል ይለፍና እንሂድ» አለችኝ።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተራ ደረስን። እናቴ የያዘችው ዕቃ ለአንድ ወር የሚበቃ ነበር፤ ሳሙና፣ ስኳር፣ ሁለት ጋቢ፣ ከሰፈራችን ዳቦ ቤት የተገዛ ስድስት ዳቦ። «ለማን ነው ይህ ሁሉ?» ብላት «ባዶ እጅ ይገባል እንዴ?» አለች። የምንገባው ማን ቤት እንደሆነ ግን ሁለታችንም አናውቅም።

የዓባይን ሸለቆ ስንወርድ ዓይኗን ትጨፍናለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ እቴ፤ መስኮቱን ከፍታ ቁልቁል ታያለች። «ስመጣ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው ያለፍኩት። ከዚህ ይልቅ ያኔ ይመች ነበር» አለች። ዓይኔን የጨፈንኩት እኔ ነኝ።

ደብረ ማርቆስ አደርን። ማረፊያችን ሁለት አልጋና አንድ ወንበር ያለው ክፍል ነው፤ ውኃ ከበርሜል በጣሳ ነው የሚቀዳው። እኛ ሰፈር ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ሲጠፋ የማናማርረው የለም፤ እዚህ ግን የቤቱ ባለቤት የእናቴን አካሄድ አይታ ሳንጠይቃት ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዛ መጣች፤ ጎንበስ ብላም እግሯን አጠበቻት። እናቴ አፍራ እግሯን ልትሰበስብ ብትል «ዝም ብለው ይቀመጡ፤ እኔም እናት አለችኝ» አለቻት። ብርዱ እንጦጦን ያስንቃል።

ረቡዕ

ደንበጫን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ቅያሪው ጎማም ነፍሶ ተገኘና ረዳቱ በሚያልፍ መኪና ተሳፍሮ ሊያስነፋ ወደ ደንበጫ ተመለሰ። ሁለት ሰዓት ከተቀመጥን በኋላ ነው የመጣው። የተቀመጥንበት ዳር የኑግ ማሳ ነው፤ አበባው ዓይን የሚወጋ ቢጫ። አንዲት ባልቴት ከማዶ ካለው ቤት መጥተው ለተሳፋሪው ሁሉ የተጠበሰ በቆሎ አደሉ። እናቴ የጾም መፍቻ ሰዓቷ ስላልደረሰ የራሷን በመሐረብ ቋጥራ ያዘችው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሲበላሽ የሚከብበን ሻጭ ነው፤ ሴትየዋ ግን ስማቸውን እንኳ ሳይነግሩን ሄዱ።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ጋሪ የሚነዳ ጎልማሳ አገኘንና የቻኔን ወፍጮ ቤት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። «የማያውቀው ማን አለ» ብሎ ጫነን።

የወፍጮው ባለቤት ምናለ ይባላል፤ ሃምሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሷል። ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር ስንነጋገር ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግተን ነው። «አባትህ በዚህ ማውጫ ላይ አሉ» ብዬ ወረቀቱን አሳየሁት፤ እናቴን እያመለከትኩ «የእሳቸው ልጅ ሳትሆን አትቀርም፤ በልጅነቷ ነው የተለየችው» አልኩት። እጁን በሱሪው ጠረገና ሞተሩን አጠፋ።

«አባቴ ከእናቴ በፊት ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው አልነገሩንም» አለ። እናቴን ትንሽ አያትና «ይሁን። ቤትዎ ነው፤ ይግቡ እትዬ» ብሎ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ።

ሚስቱ ጥሩወርቅ ሽሮና ድንች በበርበሬ አቀረበችልን። በርበሬው አዲስ አበባ ከምንገዛው ጋር ስሙ እንጂ ሌላው አይገናኝም፤ እንባዬ ወርዶ እንኳ እጄን መሰብሰብ አልቻልኩም። የራሳቸውን አልጋ ለቀው እኛን አስተኙን። እናቴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሟቹን የምናለ አባት ፎቶግራፍ ብዙ አየችው። «አፍንጫው የእኔ አይመስልም» አለችኝ በሹክሹክታ። ሰው ሲያረጅ ፊቱ ይለወጣል አልኳት።

ሐሙስ

በማግስቱ ምናለ ዘመድ ጠርቶ በግ አረደ። ቤቱ ሞላ። እናቴ መሐል ተቀምጣ፣ የማታውቃቸው ሰዎች አንዳንዱ ጉንጯን፣ አንዳንዱ እጇን እየሳሟት፣ ፊቷ ላይ ከዚያ በፊት አይቼ የማላውቀው ፈገግታ ነበር። ከምሳ በኋላ አንድ አዛውንት፣ የሟቹ ወንድም፣ ሰውን ሳያስቀይሙ የመጠየቅ ችሎታ ያላቸው፣ ወደ እናቴ ዞሩ።

«እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው እመቤቴ። ወንድሜ ቡሬ የኖረው መቼ ይሆን? እኛ ፈረስ ቤት የሚባለው አገር ልጆች ነን። እሱም ከዚያ ተነስቶ በቀጥታ እዚህ ነው የከተመ።»

«ማርና ሰም ሲነግድ ነዋ» አለች እናቴ።

«ማር ከመብላት በቀር ሲነግድ አላየሁትም።»

ምናለ ነገሩን ለማጥራት ብሎ በመስታወት የተለበጠውን የአባቱን የወፍጮ ፈቃድ ከግድግዳ አወረደልኝ። በአማርኛ የተጻፈ ነው። አነበብኩት። ቻኔ አይልም፤ ጫኔ ነው የሚለው።

በፈረንጅ ፊደል ቻም ጫም የሚጻፉት በአንድ ዓይነት ነው። ሃያ ዓመት የሰው ስህተት ሳርም የኖርኩ ሴት፣ እናቴን ከአዲስ አበባ አምጥቼ የሌላ ሰው አባት ፎቶግራፍ ሥር አስቀምጫታለሁ። ጋሪ ነጂውም አጠራሬን የአዲስ አበባ አፍ ነው ብሎ በይሉኝታ አልፎኛል። ለሁሉም ተናገርኩ።

ቀድማ የተናገረችው እናቴ ናት። «እኔ ያፈርኩት በበጉ ነው» አለች። «የሰው ድግስ በዝምድና ስም በላሁ።»

ምናለ ፈቃዱን ወደ ቦታው መልሶ ሰቀለና «አይፈሩ እትዬ» አላት። «ጫኔ የጫነብኝን እንግዳ፣ ቻኔ እስኪረከበኝ እኔ እችላለሁ።»

መጀመሪያ የሳቁት አዛውንቱ ናቸው፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ጎጃም ውስጥ ሰው እንዲህ ቃል አገላብጦ ሲናገር ሰሚውን ከምግቡ በላይ ያጠግባል። እናቴም ሳቀች። ቤት ያፈራውን ይዘው ከመጡት ዘመዶች መካከልም ሲሰናበት አሳሳሙን የቀየረ አንድም ሰው የለም።

አመሻሽ ላይ ወረቀቱን እንደገና ዘርግቼ እንደ እርማት አንባቢ አየሁት። የቡሬው ዝርዝር ወርቁ ጨው፣ አያሌው ልብስ ሰፊ፣ ቻኔ ማርና ሰም፣ ደምሴ ቆዳ እያለ ይቀጥላል። የሌሎች ከተሞች ስም በፊደል ተራ ነው፤ የቡሬው ግን ተራ የለውም። የአታሚ ግድየለሽነት ነው ብዬ ለምናለ አሳየሁት። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ግብር ሰብሳቢ ሲመጣም እንዲህ ነው የሚጽፍ» አለ። «ጸሐፊው በእግሩ ከቤት ቤት እየሄደ መዝግቦት ይሆናል። እንግዲያ ይህ ዝርዝር መንገድ ነዋ።»

ዓርብ

ምናለ በቆሎ ወደ ቡሬ የሚያደርስበት አይሱዙ ነበረው፤ እኛንም ከፊት አሳፈረን። በማንኩሳ በኩል ቡሬ ስንገባ በየግቢው ሰሌን ላይ የተሰጣ ቀይ በርበሬ ነበር። ካስነጠስኩ በኋላ ነው ያየሁት። እናቴ አንድም ቦታ አላወቀችም። «ትልቅ ዛፍ ነበር» አለች፤ ዛፉ የለም።

ወረቀቱን ይዘን ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምረን ወደ ገበያው ወረድን። የመጀመሪያው ሱቅ መድኃኒት ቤት ሆኗል፤ ልጆቹ ስለ ጨው ነጋዴ የሚያውቁት ነገር የለም። ሁለተኛው በር ላይ ስንደርስ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ሰማን። ሦስታችንም ቆምን።

ውስጥ ከእናቴ በጥቂት ዓመት የሚያንሱ ሴት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ወይዘሮ ባንቺ ይባላሉ። ሰላምታ ተለዋወጥንና የአባታቸውን ስም ጠየቅኋቸው። «አያሌው» አሉ። ወረቀቱን አሳየሁና «አያሌው፣ ልብስ ሰፊ» ብዬ አነበብኩላቸው። እግራቸው መርገጫው ላይ ቆመ።

«አባቴ እዚህ ላይ ተጽፏል?»

«ተጽፈዋል።»

«ማንበብ ሳይችል ነው የሞተ» አሉ ወረቀቱን እየተቀበሉ። «ቦርሳ ያነገተ ሰው መጥቶ የመዘገበን ጊዜ ትዝ ይለኛል። አባቴ የወታደር ዝርዝር መስሎት ጓሮ ተደብቆ፣ ስሙን የሰጠች እናቴ ናት። ቀጥሎ ማነው?»

በዚህ ጊዜ ፊደሉን ተጠንቅቄ ጠራሁት። «ቻኔ። ማርና ሰም።»

«ጋሸ ቻኔ። ግድግዳችን አንድ ነበር። ንቡ ሰሙን ተከትሎ እየመጣ የሚነድፈው እኛን ነው።» በእጃቸው ወደ ጎን አመለከቱ፤ አሁን ቡና ቤት ነው። «ኋላ ንግዱ ሲቀዘቅዝበት ገጠር ወደ አባቱ መሬት ገባ። ደርግ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ይሁን በሦስተኛው ዐረፈ። ነፍሱን ይማረውና ጥሩ ጎረቤት ነበር። ልጁ ምትኬ እዚያው አለች። ገበያ ስትወጣ እኔ ዘንድ ሳታርፍ አትመለስም።»

«ልጅ ነበረው?» አለች እናቴ። «ለምን ምትኬ አላት?»

«የፊተኛዋ ሞታበት ነዋ እመቤቴ። አዲስ አበባ እናቷ ወስዳበት የቀረች የሺ የምትባል ልጅ ነበረችው። ሰው ልኮ ሲያስጠይቅ በፈንጣጣ ሞታለች ብለው መለሱለት። እዚህ በራፍ ላይ ድንኳን ተጥሎ ተለቅሶላታል፤ እኔም ትንሽ ልጅ ሆኜ ንፍሮ በልቻለሁ። ከዓመታት በኋላ ይህች ስትወለድለት ምትኬ አላት።»

እናቴ የተሰፉት ዩኒፎርሞች ላይ እጇን አሳርፋ ቆማ ነበር።

«የሺ እኔ ነኝ» አለች።

ወይዘሮ ባንቺ መነጽራቸውን አወለቁ። ከመኪናው ኋላ ወጥተው መጡና ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩዋት። ምናለ ወደ ደጅ ወጣ። አያቴን አሰብኩ፤ ለሁለቱም ወገን ሞት የነገረች እሷ መሆን አለባት። ልጇን እንዳይወስድባት ፈርታ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ የማውቀው የለኝም። እናቴም ቆይታ ያለችው ይህንኑ ነው፤ «ምስኪን፤ ስትፈራ ኖራለች።»

ወይዘሮ ባንቺ ሥራቸውን አቁመው ከገበያ ወደ ምትኬ ቀበሌ በሚመለሱ ሴቶች በኩል መልእክት ላኩ። ምናለ ተሰናብቶን ሲሄድ እናቴ ካመጣችው ዳቦ ሁለቱን ለጥሩወርቅ ብላ ሰጠችው። የአያሌውን ስም የያዘውን ገጽ ለወይዘሮ ባንቺ ተውኩላቸው። በማግስቱ ጠዋት በመርፌ ቁልፍ ግድግዳው ላይ ሰክተውት አየሁ።

ቅዳሜ

ከቡሬ ሦስት ሰዓት በእግር ነው። አያ ስንሻው የተባሉ የዚያው አገር ገበሬ በቅሎ ይዘው መጡልን። እናቴ በቅሎ ላይ ስትወጣ «ጉልበቴ» ያለችው አንዴ ብቻ ነው። ጅረት ስንሻገር የኮርቻው መቀነት ላላና ቀስ እያለች፣ እንደ ተንሸራታች ጆንያ፣ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ሮጬ ስደርስ እየሳቀች ነው። አያ ስንሻው ግን በጣም አዘኑ፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ሊያለብሷት ታገሉ። «የቻኔን ልጅ ጭቃ አስነክቼ እንዴት እገባለሁ?» ይላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው እናቴን የቻኔ ልጅ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ከዚያ በኋላ ቀሚሷን እንዳላጥብላት ከለከለችኝ፤ ጊዜ አናባክን አለች።

ምትኬ አጥሯ ሥር ቆማ ነበር። አርባውን ያለፈች ረጅም ሴት ናት። አልሮጠችም፣ አልጮኸችም። እናቴ ከበቅሎ እስክትወርድ ጠበቀችና ጠጋ ብላ ያየችው አፍንጫዋን ነው። እኔም አየሁ። ሁለቱም ላይ ያው አፍንጫ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ጎበጥ ያለ።

«ዘገዩ» አለች ምትኬ።

«ሞቼ ነው» አለች እናቴ።

ከዚያ ነው የተቃቀፉት። ብዙ ቆዩ። በቅሎዋ እንኳ ሰልችቷት አጥሩን መብላት ጀመረች።

ያን ቀን የበላነውን ሁሉ ብዘረዝር አታምኑኝም፤ ዶሮ፣ አይብ፣ ከቀፎው የወጣ ማር ከነሰፈፉ። ጓሮ አምስት ቀፎ አለ። አባቷ ንግዱን ቢተውም ንቡን አልተወም ነበር። ስንበላ ምትኬ እናቴን አሁንም አሁንም ታያት ነበር፤ በመጨረሻ የከነከናትን ጠየቀች።

«አባባ እርስዎ እንዳሉ ቢያውቅ ኖሮ ስሜ ሌላ ይሆን ነበር። አሁን ማን ልባል?»

እናቴ የማሩን ሳህን ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። «እኔ ባልነበርኩበት አባቴን የጦረችው ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ትክክል ነው የጠራሽ።»

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ መቃብሩን አሳዩን። የድንጋይ ክምር ነው፤ ጽሕፈት የለበትም። እናቴ ታለቅሳለች ብዬ ክንዷን ያዝኩ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ድንጋዩን ነካችና አባቷን እንደ ሕያው ሰው አነጋገረችው። «ልጅ ሆኜ አልቅሼልሃለሁ፤ ያ ይቆጠርልኝ። አንተም አልቅሰህልኛል አሉ። ተካክለናል።» ቄሱ ፍትሐት አድርሰው ሲያበቁ ምትኬ ከቤቷ ያመጣችውን ዳቦ ቆርሳ ለተሰበሰበው አደለች። ከዛፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ስለ ዝናብና ስለ ማዳበሪያ ስናወራ ቆየን። እዚያ ቁጭ ብዬ ያየሁት የመቃብር ቦታ ከሁሉም ይልቅ ሰላም ያለው ሰፈር መሰለኝ።

ሰኞ

እኔ ለሥራ መመለስ ነበረብኝ። እናቴ «እኔ እስከ ገና ልቆይ» አለች። ዳጉሳው ሊደርስ ነው፤ ወፍ የሚጠብቅ ያስፈልጋል ብላ ነው ያሳመነችኝ፤ ዳጉሳና ጤፍ መለየት እንኳ የተማረችው ትናንት ነው። አያ ስንሻው ዕቃዬን በበቅሎ ጭነው ቀደም አሉ። ጉብታው ላይ ስደርስ ዞር ብዬ እጄን አወዛወዝኩ።

አላዩኝም። ወፍ ማሳው ላይ ሰፍሯል። ምትኬ ወንጭፍ ታሽከረክራለች፤ እናቴ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ጓል ትወረውራለች። የምትወረውረው ጓል የትም አይደርስም፤ ወፎቹም አልፈሯትም። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ሌላ ታነሳለች።